በሕዝብ ገንዘብ የቆመን የጽንሰ ሐሳብ ሥራ እንዴት እንጠይቅ?

አንድ ሥራ በዓይነ ሕሊናችን እናቁም። በየትኛውም ከተማ የሌለ፣ ለዚህ ጽሑፍ ብቻ የታሰበ ነው። በአንዲት የሰሜን ሸዋ ከተማ አዲስ አደባባይ ላይ፣ ነዋሪው ፈረሰኛ ወይም አርበኛ ይቆምበታል ብሎ ሲጠብቀው በነበረው መደብ ላይ፣ አርባ ቢጫ ጀሪካኖች በአንድ ረድፍ ተደርድረው ታችኛው ክፍላቸው በሲሚንቶ ተይዟል፤ ዳር ላይ «ወረፋ» የሚል ትንሽ ሰሌዳ ተተክሏል። ጀሪካኖቹ ከገበያ የተገዙ ናቸው፤ ባለሙያው አልቀረጻቸውም፣ ቀለምም አልቀባቸውም። ክፍያው የወጣው ከከተማው በጀት ነው። በመጀመሪያው የገበያ ቀን በአደባባዩ ዙሪያ የሚሰማውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አንዲት እናት «ይህማ ጥበብ ከሆነ እኛ ስንት ዓመት ስንሠራው ኖረናል» ይላሉ፤ የባጃጅ ሾፌሩ «ስንት ተበላበት?» ይላል፤ ጡረታ የወጡት መምህር ደግሞ «በዚህ ገንዘብ ቧንቧ ቢገባልን አይሻልም ነበር?» ይላሉ።

እነዚህ ሦስት ንግግሮች አንድ ቁጣ ይመስላሉ እንጂ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ሥራው ምንነት፣ ሁለተኛው ስለ ገንዘቡ አወጣጥ፣ ሦስተኛው ምን ይቅደም ስለሚለው ነው። በሕዝብ ገንዘብ በሚሠራ ጽንሰ ሐሳባዊ ሥነ ጥበብ ላይ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ ያለ ፍሬ የሚቀረው፣ ሦስቱ በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠየቁና መልስ ሰጪውም ከሦስቱ የቀለለውን መርጦ ስለሚመልስ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለጠርጣሪው ነዋሪ ነው። ጥርጣሬውን እንዲተው አያግባባውም፤ መልስ በሚያስገኝ መንገድ እንዲያቀርበው ይረዳው ዘንድ ተስፋ አደርጋለሁ። በመጨረሻ ለአሠሪው አካልም ጥቂት ቃል አለኝ።

ከመቆጣት በፊት፦ ያየነው ነገር ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ጽንሰ ሐሳባዊ ሥነ ጥበብ የሚባለው የሥራው ክብደት ከእጅ ሙያው ይልቅ በሐሳቡ ላይ የሚያርፍበት አሠራር ነው። ብዙዎች መነሻውን ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ ለተዘጋጀ ዐውደ ርእይ፣ ከሱቅ የተገዛ የወንዶች መሽኛ ገንዳ የሐሰት ስም ፈርሞበት «ምንጭ» በሚል ርእስ ካቀረበበት ጊዜ ይቆጥሩታል። ዐውደ ርእዩ ክፍያውን የፈጸመ ሠዓሊ ሁሉ ሥራውን ያሳያል የሚል ደንብ ነበረው፤ ገንዳው ግን ለሕዝብ እንዳይታይ ተደረገ። ስያሜው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሠዓሊ ሶል ለዊት እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ ሐሳቡ ከአፈጻጸሙ እንደሚቀድም አስረድቷል፤ ብዙዎቹን የግድግዳ ሥዕሎቹንም እርሱ መመሪያውን ጽፎ ሌሎች ሰዎች ናቸው የሣሏቸው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሥራ ፊት ቆሞ «ባለሙያው በእጁ ምን ሠራ?» ማለት፣ የሕንፃውን መሐንዲስ «ስንት ድንጋይ ተሸከምክ?» ብሎ እንደመጠየቅ ይቆጠራል። ጥያቄው ስሕተት ባይሆንም የሚፈለገው ነገር ያለበትን ቦታ ይስታል።

በሌላ በኩል ያልለመድነው ቅርጽ ሁሉ ጽንሰ ሐሳባዊ አይደለም። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ የቆመው፣ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የሠራው የድንጋይ አንበሳ የዱር አንበሳን ቁርጥ ባይመስልም፣ ከድንጋይ የተቀረጸ የእጅ ሥራ ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕሎችም ምስል ስለማያሳዩ ብቻ ከእጅና ከቀለም ሥራ አይወጡም። ረቂቁን፣ ያልተለመደውንና ጽንሰ ሐሳባዊውን በአንድ ከረጢት ከትቶ «ዘመናዊ ነገር» ብሎ የሚቃወም ሰው በስብሰባ ላይ የመጀመሪያው ባለሙያ በቀላሉ ያርመዋል፤ ከታረመ በኋላ ስለ ገንዘቡ የሚያነሣው ተገቢ ጥያቄ ሳይቀር ሰሚ ያጣል።

እዚህ ላይ ለራሴም የማይመቸኝን አንድ ነገር ልናገር። የአንኮበር ተወላጁ አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠራው የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው። ሥራውን ያሠራው መንግሥት ቢሆንም፣ ለሥዕሉ ስንት እንደ ወጣ ሲጠይቅ የሰማሁት የአገሬ ሰው የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ችቦ የያዘውን ሰው ስለምናውቀው ነው። ገንዘቡን የምንጠይቀው ምስሉ ሳይገባን ሲቀር ብቻ መሆኑ የጥርጣሬያችን ትልቁ ድካም ይመስለኛል። እግሩ የተንጋደደ ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ፊቱ ማንንም የማይመስል ጀግና በአሥር እጥፍ ዋጋ ቢቆም በእልልታ ይመረቃል፤ አርባ ጀሪካን ግን ኦዲተር ያስጠራል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ጥያቄዎች በጀሪካኑ ላይ የለመደ ሰው በፈረሰኛውም ላይ ቢያነሣቸው፣ ጽንሰ ሐሳባዊው ሥራ ሌላ ጥቅም ባይኖረው እንኳ ይህን አስተምሮናል ማለት ነው።

ገንዘቡን እንደ እድር ሒሳብ መጠየቅ

በሰፈራችን እድር በጸሐፊነት ለብዙ ዓመታት አገልግያለሁ። አንድ ጊዜ አዲስ ድንኳን ገዝተን ለአባላት ስናሳይ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ድንኳኑስ መልካም ነው፤ የመጫኛው ሒሳብ የት አለ?» አሉ። እኔም ድንኳኑ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ፣ ሸራው ዝናብ እንደማያስገባ፣ ስፌቱም ድርብ እንደሆነ ለሩብ ሰዓት ያህል አብራራሁ። እርሳቸውም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «ጸሐፊ፣ ድንኳኑንማ በዓይናችን አየነው እኮ፤ እኔ የጠየቅሁህ የመጫኛውን ነው» አሉኝ። መጫኛውን ለብቻው አልጻፍነውም ነበር። ማንም ገንዘብ አልወሰደም፤ ነገር ግን ስለ ሒሳብ ሲጠየቅ ስለ ውበት የሚመልስ ሰው እንዴት እንደሚታይ ያን ቀን ገባኝ። የባህል ጽሕፈት ቤቶችና ባለሙያዎች ለጠርጣሪ ነዋሪ የሚሰጡት መልስ ከእኔ የድንኳን መልስ ጋር ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል፦ ሰው ደረሰኝ ይጠይቃል፣ እነርሱ ስለ ፈጠራ ነፃነት ያስረዳሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ገንዘቡ በእርግጥ የሕዝብ መሆኑን ያረጋግጡ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ማውሪሲዮ ካተላን እ.ኤ.አ. በ2019 ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ያሳየው ሙዝ ከአምስት ዓመት በኋላ በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡ ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ ገዢው ግን የከፈለው ከራሱ ኪስ ስለሆነ ያ ጉዳይ የእርሱና የኪሱ ነው። ባልና ሚስት የሆኑት ሠዓሊዎች ክሪስቶና ዣን ክሎድ እ.ኤ.አ. በ2005 የኒው ዮርክን ትልቅ መናፈሻ መንገዶች በብርቱካንማ መጋረጃዎች ሲያስጌጡ ወጪውን የሸፈኑት ንድፎቻቸውን ሸጠው ባገኙት ገንዘብ ነበር፤ በዚያ ላይ የሕዝቡ ጥያቄ ስለ ቦታው እንጂ ስለ ገንዘቡ ሊሆን አይችልም ነበር። በእኛም አገር አንድ ባለሀብት ወይም አንድ ፋብሪካ ወጪውን ችሎ ከተማው መሬቱን ብቻ የሰጠበት ሥራ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ከሆነ የበጀት ክርክርዎን ያስቀምጡና ቦታው ለምን፣ ለስንት ጊዜና በማን ፈቃድ እንደ ተሰጠ ይጠይቁ።

ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና የወጣ ከሆነ ከየትኛው የበጀት ርእስ እንደ ወጣ ማወቅ ይገባል። ለባህል ሥራ ለብቻው የተያዘ በጀት ነው ወይስ ከአደባባዩና ከመንገዱ ግንባታ ጋር ተጠቃሎ የተከፈለ? ይህ ዝርዝር የቢሮ ነገር ቢመስልም የጥያቄው እምብርት ነው። በአንዳንድ አገሮች ግንኙነቱ በሕግ የታወቀ ነው፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከትምህርት ቤቶች፣ በኋላም ከሌሎች የመንግሥት ሕንፃዎች ግንባታ ወጪ አንድ በመቶው ለሥነ ጥበብ እንዲውል ደንግጋለች፣ የአሜሪካዋ ፊላደልፊያም እ.ኤ.አ. በ1959 ተመሳሳይ የከተማ ሕግ አውጥታለች። እንዲህ ያለ ቁርጥ ደንብ በሌለበት ቦታ የሥነ ጥበቡ ዋጋ በድንጋይ ንጣፍና በአጥር ሒሳብ መካከል ሊሰወር ስለሚችል፣ «ለሥራው ስንት ወጣ?» ከማለት ይልቅ «በአደባባዩ ግንባታ ውል ውስጥ የጥበብ ሥራው በየትኛው ተራ ቁጥር ሰፍሯል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያዋጣል።

ጥያቄውን በቃል ብቻ አይተዉት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጠያቂው ለምን እንደ ፈለገው ምክንያት እንዲያቀርብ አይገደድም፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል። ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብተው በሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ያስደርጉበት። ይህን ሳያደርግ «ጠይቄ ከለከሉኝ» የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ማኅተም የሌለበት ጥያቄ ግን እንዳልተጠየቀ ነው የሚቆጠረው። የሚጠይቁትንም በዝርዝር ይለዩ፦ የባለሙያው ክፍያ፣ የዕቃው ዋጋ፣ መሠረቱና ሲሚንቶው፣ ማጓጓዣው፣ መብራቱ፣ ጥበቃው፣ የዓመት እድሳቱ፣ ምርጫው በውድድር ወይስ በቀጥታ እንደ ተካሄደ፣ እንዲሁም የመረጠው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ።

ዝርዝሩ ሲመጣ «አርባ ጀሪካን ይህን ያህል አያወጣም» ብለው አይጣደፉ። የለንደኑ ቴት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካዊውን ካርል አንድሬን ሥራ ገዝቶ ነበር፤ ሥራው 120 የእሳት ጡቦች በሁለት ድርብ በአራት ማዕዘን ተደርድረው መሬት ላይ የተቀመጡበት ነው። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1976 በጋዜጦች ሲወጣ አገሩ ሁሉ ጡብ ስንት ነው እያለ ማስላት ያዘ፤ በዚያው ዓመት አንድ ተመልካች ሰማያዊ ቀለም ደፋበት። የሚያስገርመው፣ አንድሬ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳይ የሚገዛው ስላጣ የመጀመሪያዎቹን ጡቦች ለሸጠለት መልሶ ነበር፤ ሙዚየሙ የገዛው በሌሎች ጡቦች የተሠራውን ነው። ይህ ታሪክ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ለባለሙያው፣ የተሸጠው ጡቡ እንዳልነበረ ያሳያል። ለጠርጣሪው ደግሞ፣ ጡቡ ሊቀየር የሚችል ከሆነ ዋጋው የተተመነው በምን እንደሆነ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የሕግ ባለሙያ ለአንድ ገጽ ውል የሚያስከፍለው ለወረቀቱ እንዳልሆነ ሁሉ የሐሳብ ዋጋ መኖሩን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ለሕግ ባለሙያው የገበያ ልማድ አለ፣ ለሐሳብ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ኮሚቴው የባለሙያውን ክፍያ ከምን ጋር አነጻጽሮ እንደ ወሰነ ይጠየቅ፤ ከሌላ ቀራፂ ክፍያ ጋር፣ ካጠፋው ወራት ጋር፣ ወይም ለውድድሩ አስቀድሞ ከተቆረጠ ጣሪያ ጋር። ከሦስቱ አንዱም ካልተገኘ ጥርጣሬዎ በቂ መሠረት አለው።

የቧንቧው ጥያቄ

መምህሩ ያነሡት ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ጀሪካን ይዘው ከንጋት በፊት የሚነሡ ሰዎች ባሉበት አካባቢ ማንም በፈገግታ ሊያልፈው አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን፣ ሳይንስንና ቴክኖሎጂን የመደገፍ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። በዚያ ድንጋጌ ውስጥ «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ለሁለቱም ወገን የተተወ መከራከሪያ ነው።

ጥያቄውን ለማጥራት የሚረዳው በብርና በብር ማነጻጸር ነው። የሥራው ጠቅላላ ወጪ ከታወቀ በኋላ በዚያው ገንዘብ ስንት ሜትር የውኃ መስመር እንደሚዘረጋ ወይም ስንት የጋራ ቦኖ እንደሚተከል የውኃ አገልግሎት ባለሙያዎችን ይጠይቁ። መልሱ ትልቅ ሆኖ ከተገኘ ክርክርዎ ይጠነክራል፤ ትንሽ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቧንቧው ያልገባው በጀሪካኖቹ ምክንያት አለመሆኑን ያውቃሉ። በተመሳሳይ የበጀት ዓመት፣ ማለትም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ ለበዓላት ባነር፣ ለቲሸርት፣ ለኮፍያና ለመድረክ ማስዋቢያ የወጣውንም አብረው ይጠይቁ። ባነሩ በሳምንቱ ነፋስ ይበጣጥሰዋል፤ ቲሸርቱም በወሩ የቤት መወልወያ ይሆናል። ይህን የምለው አንዱ ብክነት ሌላውን ብክነት ያጸድቃል ለማለት አይደለም። «ቧንቧ ይቅደም» የሚል ሰው ቧንቧው ከሁሉ እንዲቀድም የሚፈልግ ከሆነ ሒሳቡን ሙሉ ያድርገው ለማለት ነው።

«ወረፋ» የተባለው ምናባዊ ሥራችን ስለ ቧንቧ መጥፋት የሚናገር መሆኑም ነገሩን ያወሳስበዋል። ውኃ የማቅረብ ግዴታ ያለበት አካል የውኃ እጦትን የሚያሳይ ሥራ ከራሱ በጀት ከፍሎ ሲያቆም ድፍረት ሊሆን ይችላል፤ ጥፋትን ወደ ጌጥ መለወጥም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሥራው ላይ በመመራመር አይመስለኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ለውኃ የተመደበውን በማየት ነው።

ሥራውን ራሱን ማየት

ያላዩትን አይፍረዱ። በፎቶግራፍ ያየ አላየም። ሦስት ጊዜ ይሂዱ፤ አንድ ጊዜ በማለዳ ብቻዎን፣ አንድ ጊዜ በገበያ ቀን፣ አንድ ጊዜ ከከባድ ዝናብ ወይም ከውርጭ በኋላ። የመጨረሻውን የማነሣው በደጋው የሰሜን ሸዋ ክፍል የአየር ጠባዩ ራሱ ገምጋሚ ስለሆነ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ይፋጃል፤ ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ቀለሙም ይነጣል። ባለሙያው ይህን አስቦ ከሆነ መንጣቱ ራሱ የሥራው አካል ይሆናል። ካላሰበ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በአደባባዩ መሀል የቆሻሻ ክምር ይኖረናል፤ ለማንሣቱም ሌላ በጀት ይጠየቃል።

ሰሌዳውን በመጨረሻ ያንብቡ። አስቀድመው በሥራው ፊት ቆመው ያዩትን ለራስዎ ይንገሩ፦ ጀሪካኖቹ ባዶ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው የሉም፤ ግን ተራቸውን እንደ ያዙ ናቸው፤ ረድፉ የሚያመራበት ቦታ ላይ ምንም ነገር የለም። ይህን ያህል ካዩ ሥራው ያለ ሰሌዳ ተናግሯል። የማያዩት ነገር ሁሉ በሰሌዳው ላይ ብቻ ከተጻፈ፣ ለምሳሌ ሥራው ስለ ሰላም፣ ስለ አንድነት፣ ስለ ልማትና ስለ ሴቶች ተሳትፎ ጭምር እንደሚናገር ከተነገረዎ፣ ጽሑፉ የቀረበው ለተመልካቹ እንዳልሆነና በጀት ለማስፈቀድ እንደሆነ መጠርጠር ይችላሉ።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብ ከአዘጋጆቹ አንዱ ተነሥቶ «ይህ እንደ ቅኔያችን ሰምና ወርቅ ነው» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ንጽጽር በቀላሉ አይረቱ። የቅኔ መምህር የደቀ መዝሙሩን ወርቅ ከመስማቱ በፊት ሰሙን ይመረምራል፤ ቤቱ ከጎደለ፣ ሰዋስዉ ከተሰበረ፣ ወርቁ የቱንም ያህል የጠለቀ ቢሆን ያፈርሰዋል። ንጽጽሩን ያመጣው ሰው በዚያው መስፈርት ይመዘን፦ የሚታየው ነገር ራሱን ችሎ ይቆማል ወይ? ረድፉ የተመጠነ ነው፣ ቦታው ታስቦበታል፣ ከአደባባዩ ስፋትና ከአላፊው አካሄድ ጋር ይስማማል? ወይስ ሰሙ ሳይኖር ወርቅ አለኝ ነው? አንድ ትዝብት ልጨምር፤ በደብረ ብርሃን ስለ ብርሃን ሐሳብ ማቅረብ በጣም ቀላል ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ባዩት ብርሃን ምክንያት ከተማዋ ስሟን እንዳገኘች ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ምሰሶ አቁሞ አምፑል የሰቀለ ሁሉ ጽንሰ ሐሳብ አለኝ ሊል ይችላል። እዚህ ከተማ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣውን ሐሳብ በእጥፍ መጠርጠር ተገቢ ነው።

«ይህንማ ልጄም ይሠራዋል» የሚለውን ንግግር እንዲተዉት እመክራለሁ፤ ሐሰት ስለሆነ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ባለሙያውም «አዎ፣ ይሠራዋል» ብሎ ስለሚቀበለው ክርክሩ እዚያው ያልቃል። የእናቲቱ ንግግር ግን ከዚህ ይለያል። «እኛ ስንት ዓመት ስንሠራው ኖረናል» ሲሉ፣ ምናልባት ሳያስቡት፣ ስለዚያ ሥራ ሊነገር የሚችለውን ሁሉ ተናግረውታል። በኮሚቴው ፊት እንዲናገሩ መጀመሪያ የሚጋበዙት እርሳቸው ቢሆኑ እወዳለሁ፤ የሚቀጥለው ጥያቄያቸው «ታዲያ የእኛ ድርሻ የት አለ?» የሚል ከሆነም ባለሙያው መልስ አዘጋጅቶ ይምጣ።

በስብሰባው ላይ

በዓለም ላይ በሕዝብ ገንዘብ ከቆሙ ሥራዎች መካከል ክርክሩ በደንብ የተመዘገበለት የአሜሪካዊው ቀራፂ የሪቻርድ ሴራ የብረት ግድግዳ ነው። ሥራው በጥብቅ ቃል ጽንሰ ሐሳባዊ ባይባልም ትምህርቱ ለእኛ ይሆናል። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ለሕንፃዎቹ ግንባታ ከሚያወጣው ግማሽ በመቶ (0.5%) ያህሉን ለሥነ ጥበብ በሚመድብበት መርሐ ግብር 175 ሺህ ዶላር ተከፍሎበት እ.ኤ.አ. በ1981 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሕንፃ አደባባይ ላይ ቆመ። ርዝመቱ ወደ 37 ሜትር፣ ከፍታው ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ሲሆን አደባባዩን ለሁለት ከፈለው። በሕንፃው የሚሠሩ ሰዎች ምሳቸውን የሚበሉበትንና አቋርጠው የሚያልፉበትን ቦታ እንዳጡ ገልጸው ፊርማ አሰባሰቡ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1985 በተካሄደው የሕዝብ መድረክ 180 ሰዎች ሲናገሩ 122ቱ ይቆይ፣ 58ቱ ይነሣ አሉ፤ መድረኩን የመራው ቡድን ግን አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ እንዲነሣ ወሰነ። ሴራ ሥራው ለዚያ ቦታ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ማንሣት ማጥፋት ነው ብሎ በፍርድ ቤት ተከራከረ፤ አልረታም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 በሌሊት ተቆራርጦ ተነሣ።

ይህን ክርክር ሳነብ የሚቆጨኝ መድረኩ የተጠራው ሥራው ከቆመ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ባለሙያውም ሠራተኞቹም የሚያጡት ነገር ስለነበራቸው ማንም ማንንም ለመስማት የሚያስችል ልብ አልነበረውም። በመድረኩ የተናገሩት ሰዎች ቁጥርም ብዙ አይነግረንም፤ ከሥነ ጥበቡ ዓለም የመጣው ሰው ተናግሮ ይሄዳል፣ በየቀኑ ግድግዳውን የሚዞረው ሌላ ነው። ስለዚህ በእኛ ከተማ መድረክ ሲጠራ አስቀድመው የሚጠይቁት ማን ተጋበዘ የሚለውን ይሁን። አደባባዩ ዳር የሚሠሩት ሊስትሮዎች፣ ጉልት የሚቸረችሩት ሴቶች፣ ባጃጅ የሚያዞሩት ልጆች፣ መንገዱን ለታቦት ማለፊያ የሚፈልጉት የደብሩ አገልጋዮች ካልተጠሩ፣ በአዳራሹ የሚገኘው ጭብጨባ የማንም ድምፅ አይደለም።

ሲናገሩ አጭር ይሁኑ፤ አንድ ጊዜ ሲነሡ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርቡ፤ ጥያቄዎም መልሱም በቃለ ጉባኤው መስፈሩን ሳያረጋግጡ አይቀመጡ። ባለሙያውን በስም አይዝለፉት፤ ውሉን የፈረመው አካል ከኋላው ተደብቆ ይቀራልና። አወያዩ «ሥነ ጥበብ ሁሉም አይገባውም» ካለ፣ በትሕትና «ጋሼ፣ ያልገባኝ ሒሳቡ ነው» ማለት ይበቃል። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግቶ መቼ ተከፍቶ ማን ስንት እንደሚያጭድ በስምምነት ሲወስን ኖሯል፤ የጋራ ሀብትን በጋራ መጠየቅ ለዚህ አካባቢ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም።

ለአሠሪው አካል ጥቂት ቃል

ውሉ ላይ ያተኩሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በዴንማርክ የአልቦርግ ከተማ ሙዚየም ለዴንማርካዊው ሠዓሊ ለየንስ ሃኒንግ ከ500 ሺህ ክሮነር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሰጠው፤ ሠዓሊው የሰውን አማካይ የዓመት ገቢ በእውነተኛ የገንዘብ ኖቶች ያሳየበትን የቀድሞ ሥራውን እንደገና እንዲያዘጋጅ ነበር። እርሱ ግን ሁለት ባዶ ሸራዎች ልኮ «ገንዘቡን ይዘህ ጥፋ» የሚል ርእስ ሰጣቸው። ሙዚየሙ ሸራዎቹን ሰቅሎ ለሕዝብ አሳየ፤ ገንዘቡን ግን በፍርድ ቤት ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2023 ፍርድ ቤቱ የሠዓሊነት ክፍያው ተቀንሶለት ቀሪውን እንዲመልስ አዘዘው። የሙዚየሙ አካሄድ ያስደስተኛል፤ ሐሳቡን እንደ ሐሳብ፣ ዕዳውንም እንደ ዕዳ ለየብቻ አስተናገደ። በውሉ ውስጥ ምን እንደሚረከቡ፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆም፣ ሲበላሽ ማን በምን ገንዘብ እንደሚጠግነው፣ ለማንሣት ማን እንደሚወስንና ሲነሣ የማን ንብረት እንደሚሆን ካልሰፈረ ገና አልተዋዋላችሁም።

ከተቻለ ሥራውን መጀመሪያ በጊዜያዊነት፣ ሲሚንቶ ሳይፈስበት፣ ለሦስት ወር አቁሙት። ዋጋውንና የመረጡትን ሰዎች የሥራ ድርሻ በዚያው ሰሌዳ ላይ ከርእሱ በታች ጻፉት። ወጪ የተጻፈበት የጥበብ ሰሌዳ በአገራችን አላየሁም፤ የመንገድና የትምህርት ቤት ግንባታ ሲሆን ግን የፕሮጀክቱን ወጪ፣ የተቋራጩንና የአማካሪውን ስም በትልቅ ሰሌዳ እንጽፋለን።

ሥራው ቆሞ አንድ ዓመት ሲሞላው ጠርጣሪው እንደገና ይሂድ። የገበያ ቀን ይምረጥ፤ ከአደባባዩ ዳር ሻይ ይዘዝና ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀመጥ። ከአርባው ጀሪካን ስንቱ እንደ ቀረ ይቁጠር፤ የጎደለውን ሰው ለቤቱ ወስዶት ከሆነ በስንተኛው ወር እንደ ተወሰደ የሻዩን ባለቤት ይጠይቃት፤ በረድፉ ጫፍ ልጆች ተሰልፈው ሲጫወቱ ካየም ይመዝግበው። ከዚያ በተመሳሳይ መዝገብ ቤት፣ በሁለት ቅጂ፣ የእድሳቱን ሒሳብ የሚጠይቅ ማመልከቻ ያስገባ።